መርፌ ያለበት የሰርግ ጥሪ

የጆሮ መርፌው ከወጣ ወዲህ ድምፅ የሚቀንስ ሰው ጠፋ። ሰርግ ላይ የደነቆረ ሁሉ በማግስቱ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ተወግቶ ይድናል፤ የጥሪ ካርዱም መርፌው ተያይዞበት ነው የሚመጣው። አቶ ድንበሩን ግን ስኳር ስላለባቸው፣ መድኃኒቱም ስኳር ስለሚጨምር፣ ሐኪሙ መርፌውን ከልክሏቸዋል።

«አባዬ፣ ዲጄውን ድምፁን ቀንስ ብንለውስ?» አለች ሙሽራዋ ልጃቸው ትርንጎ።

«ለቅሶ ነው እንዴ? የአማቶችሽ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

እንግዳው ሳይገባ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይልቅ የምትነግሪኝ ካለ አሁን ንገሪኝ። ከዛሬ በኋላ ስለማልሰማሽ ምንም ብትዪኝ እሺ ነው የምልሽ።»

ትርንጎ እንባዋን ጠርጋ አፏን ስትከፍት፣ ዲጄው ከኋላቸው ድምፅ ማጉያውን መሞከር ጀመረ። አባቷ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ አዩ።

«እሺ» አሉ አቶ ድንበሩ።