የወይዘሮ ስቶልዝ ቆርቆሮ

«ከደመና በላይ ነው የሚሄደው ብላችሁ አልነበር?» አለች ቬርና ስቶልዝ። «አውሮፕላኑን ያመጣችሁ ጊዜ አዳራሽ ሰብስባችሁን፣ ከድምፅ ይቀድማል፣ ሩሲያዎች ቀና ሳይሉ ያልፋቸዋል ስትሉ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አሁን ጭስ ማውጫዬን ጠርጎልኝ ለመሄድ ምን ቀረው?»

«ያኔ እውነት ነበር፣ ወይዘሮ ስቶልዝ» አለ አብራሪው ሻለቃ ሮይስ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እዚያ ከፍታ ላይ የሚደርስ ሚሳይል ሠርተዋል። ራዳራቸው እንዳያየን መሬት ለመሬት መሄድ መልመድ አለብን።»

«ለከፍታ በተሠራው?»

«የተሠራው ለከፍታ ነው። የሚሄደው ዝቅ ብሎ ነው።» የተናገረው ለራሱም ያልጣመው ይመስል ቆቡን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

ሻምበል ኦሪን ከኋላው ቆሟል። ይቅርታ ጠይቀው፣ ሴትዮዋን አረጋግተው እንዲመለሱ ነበር ከጦር ሰፈሩ የተላኩት። ቬርና የምታረባው ሚንክ ነው፤ ለፀጉሩ የሚፈለግ፣ ሙጭልጭላ የመሰለ ትንሽ አውሬ። የወለደች ሚንክ ከደነገጠች ልጆቿን ትበላለች። ማክሰኞ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ቬርና በብዙዎቹ የሽቦ ጎጆዎች ውስጥ ያገኘችው እናቶቹን ብቻ ነበር። የቀሩት በዚህ ሳምንት ይወልዳሉ።

«ሜዳው ይሄው፣ እስከ ኢሊኖይ ድረስ ባዶ ነው» አለች። «በግራ አትሄዱም፣ በቀኝ አትሄዱም። ሁልጊዜ በእኔ አናት ላይ። ለምን?»

«አጋጣሚ ነው።»

«አጋጣሚ በየሳምንቱ ይመጣል እንዴ፣ ጌታው?»

ኦሪን ሚንኮቹ ያሉበትን ዳስ እያየ ነበር። ረጅም ነው፤ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ። በዙሪያው ከታረሰ ማሳ በቀር ዛፍ እንኳ የለም።

ኦሪን የአውሮፕላኑ መንገድ መሪ ነው። እዚያ ውስጥ ሮይስ፣ ኦሪንና ሦስተኛው ጓዳቸው ኤልዊን በሦስት ጠባብ ክፍሎች ተከርችመው ነው የሚበሩት፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ፊት ለፊት የሚያየው ሮይስ ብቻ ነው። ኦሪን ያለው ራዳሩ ነው። ከላይ ሆነው ሲበሩ አገሩ ሁሉ እንደ ካርታ ይዘረጋለት ነበር። ዝቅ በሉ ከተባሉ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር ተደባልቆ ይመጣበትና ሳይለየው ያልፈዋል። በዚያ ድብልቅልቅ መሀል አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ብሩህ መስመር ብቅ አለችለት። እሷ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ሲታጠፉ መንገዳቸው ልክ ሆነ። ደስ ብሎት ለሌሎቹም መንገድ መሪዎች ነገራቸው፤ «የኦሪን ዘንግ» ብለው ስም አወጡላት። ዘንጓ ምን እንደሆነች ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

«በቆርቆሮው ምክንያት ነው» አለ።

ሮይስ ዞሮ አየው።

«ቆርቆሮዬ ምን አደረገ?»

«ራዳር ላይ ያበራል። እዚህ አካባቢ ሌላ የሚያበራ ነገር የለም፤ ስለዚህ እሱ ላይ ስንደርስ ነው የምንታጠፈው። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ሁሉም በሱ ነው የሚሄዱት።»

ቬርና ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

«ጥቁር ልቀባው?»

«ቀለም አይደብቀውም።»

«ሣር ባለብሰውስ?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲህ እኛን ከሩሲያ ሊያድን የመጣው አውሮፕላን ያለ እኔ ጣሪያ መንገዱ ይጠፋዋል» አለችና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች።

ሮይስ ክርኑን ይዞ ወደ መኪናው ሳበው። «ምን ነካህ? ሐሙስ ፈተና አለብን። ያቺን ነጥብ ካጣሃት መታጠፊያው ያልፈናል፤ ከወደቅን ደግሞ ሦስታችንንም ይበታትኑናል።»

«አውቃለሁ።»

«ኤልዊንን ሰሜን ዳኮታ ሲወረውሩት አንተ ንገረው። ለአይጥ ብዬ ነው በለው።»

«አይጥ አይደሉም።»

«አብረን ስንት ዓመት በረርን፣ ኦሪን? ከሌላ ሰው ጋር መብረር ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም» አለ ኦሪን፤ እውነቱን ነበር። ግን ለጦርነት ቀን የተሰጡት የራዳር ነጥቦችም አሉ፤ እዚያ ማዶ ሩሲያ ውስጥ፣ በቁጥር ብቻ የሚያውቃቸው። ከነሱም ውስጥ የሰው ቆርቆሮ ይኖር ይሆን? ሐሳቡን ከየት ወዴት እንደሚወስደው ግራ ገባው። ሮይስም ልክ ነው፤ ሴትዮዋም ልክ ናት፤ አውሮፕላኑ ለምን እንደተሠራ ግን አሁን እርግጠኛ አይደለም።

ቬርና መሰላል ጎትታ መጣችና ዳሱ ላይ አስደገፈች። ጉጠት ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል ሲጥ አለ፤ ከሥር ጎጆዎቹ ተንኮሻኮሹ። እጇን አቆመች። ቆርቆሮው ጫፉ ለቆ ሊንጓጓ ሲል በጉልበቷ ተጫነችው፤ ለመነሳትም ለመቀመጥም አልቻለችም።

ኦሪን ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቀለና ወጣላት። ጫፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዝናብ ቢመጣስ?» አለ በሹክሹክታ።

«ሸራ አለኝ» አለች በሹክሹክታ። «አጥብቀህ ያዝ። ከጮኸ አለቀልን።»

«ኦሪን» አለ ሮይስ ከታች፣ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውረድና እንሂድ።»

ኦሪን ቆርቆሮውን እንደያዘ ነበር። ቬርና ሁለተኛውን ሚስማር አላልታ ወደ ሦስተኛው ዞረች። «ወዲያ አይደለም፣ ወዲህ ሳበው» አለችው። «እንደሱ። ቀስ።»

አንዱን ቆርቆሮ በመሰላሉ አንሸራተው ሣሩ ላይ አስተኙት። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ሰማያዊው የጦር ሰፈር መኪና በሩ ሳይጮህ ተዘጋ፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ተነሳና የኋሊት እስከ መንገዱ ተጓዘ፤ ከዚያ ዞሮ በማሳዎቹ መሀል ሄደ።

በተከፈተው ቀዳዳ ብርሃን ወደ ጎጆዎቹ ገባ። አንዲት ሚንክ ልጇን በማጅራቱ አንጠልጥላ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጨለማው ጥግ ወሰደችው።