አተኛኘቷ

«የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል ብዬ እኮ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከተበላው የመንጋጋ ጥርስ የተነሳው መግል የልጇን ቀኝ ጉንጭ አሳብጦ ዓይኗን ዘግቶት ነበር።

«እስኪወድቅ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ እህቴ» አላት ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ደሟ ከገባ ለሕይወቷም ያሰጋል።» ልጅቷን ይዘዋት ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

ብቻዋን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር ስትለቅም ቆየች። ለሰው ልደውል ብላ ስልኳን አወጣች፤ ማን ጋ እንደምትደውል ግን ጠፋት። ስክሪኑ ላይ ልጇ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ተኝታለች። ማታ ከስፌት ስትመለስ እንዲህ ሆና ስታገኛት አንጀቷን ስለበላቻት ያነሳቻት ፎቶ ነው። ሌሎቹንም እያገላበጠች አየቻቸው፤ አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ በጨርቅ ክምር መሀል። «አተኛኘቷን እዩልኝ» እያለች ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስታሳያቸው የከረመቻቸው ናቸው። ደንበኞቹም አብረዋት ይስቁ ነበር።

አሁን የሚስቅ ሰው አጠገቧ የለም። ሁሉም ፎቶ ላይ ትንሿ መዳፍ ያንኑ ቀኝ ጉንጭ ይዛ ነበር።