ሌላ የምትወስደው አለ?

የእግሩ ቁስል አመርቅዞ ሩቅ መራመድ ባይከለክለው ኖሮ፣ የታናሽ ወንድሙን የዳምጠውን ፋርማሲ ደጅ አይረግጥም ነበር። እሱ አርሶ ያስተማረው ዳምጠው በምረቃው ቀን ለጓደኞቹ «የአገሬ ሰው ነው» ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። ያን ቀን የዋጠው ቃል እስከ ዛሬ አልተፈጨለትም።

ዳምጠው የቁስሉን መድኃኒት ማዘዣ አየና «ወንድም ጋሼ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለው።

ከኋላው ወረፋተኛው ጆሮውን ጥሏል። እሱ ራሱ ለልቡ ደም ማቅጠኛ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ ዳምጠው እንዳይሰማ ሌላ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ሄዶ ነው የሚወስደው። የልብ ሐኪሙ «ይህን ሳትናገር የቁስል ክኒን ብትደርብ ደምህ አይቆምም» ብሎታል።

«እኔ? እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ!»

ዳምጠው ማዘዣውን ይዞ ጓዳ ገባ፤ ቆይቶም ክኒኑን በፖስታ አድርጎ ሰጠው።

ቤቱ እንደገባ «እሱ ከሚያዝንልኝ ሞቴ ይሻላል» ብሎ አንዷን ክኒን ምላሱ ላይ አኖረ። ውኃ ሲያነሳ ፖስታው ላይ ጽሑፍ አየና ፊደል እየቆጠረ አነበበው።

«ጋሼ፣ የታዘዘልህ ከደም ማቅጠኛህ ጋር ስለሚጣላ ሐኪሙ ጋ ደውዬ አስለውጬዋለሁ። ሐሙስ ደምህን አስመርምር። አራት ዓመት ሙሉ ለዚያኛው ፋርማሲ ያንተን ክኒን የምልከው እኔ ነኝ።»

ክኒኑ ምላሱ ላይ ይሟሟ ጀመር። መዋጥም መትፋትም አቃተው።