አንድ ጥቁር ጨርቅ

ካሜራውን ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው የሠሩት። እንጨቱን እሱ ጠረበ፤ የሚታጠፍ የሚዘረጋውን ሆዱን እሷ ከአሮጌ የቆዳ ኮቷ ሰፋች። ፎቶ ሲያነሳ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይከናነባል። በዚያ ጨርቅ ሥር አብራው የገባች ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ያውም በእጮኝነታቸው ጊዜ።

ባለፈው ሳምንት ግን በዓይኗ በብረቱ አየች። ባሏና ጎረቤት ያለችው ፍሬም ሠሪ፣ ሁለቱም በአንድ ጨርቅ ሥር! እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች።

ወሬውም ተከተለ።

"እኔ ነገር አልወድም" አለቻት አንዷ ወዳጇ፣ "ግን ባልሽ የዚያችን ሴት ክንድ ይዞ መንገድ ሲሻገር አየሁት። ሰላምታ እንኳ ነስቶኝ አለፈ።"

"ወገቧን ያማታል፤ እየደገፋት ይሆናል" አለች ሚስት። ፊቷ ግን ደም መሰለ።

በማግስቱ ፀጉሯን አስተካክላ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ቆመች።

"ምነው ቆመሽ ቀረሽ?" አላትና ፎቶ ወደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ገባ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ ልሽቀርቀር ብላ በራሷ አፈረች። ቀሚሱንም አውልቃ ወረወረችው።

እዚያ ክፍል ሥራ ላይ ሳለ ገብታበት አታውቅም። ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት ከቀይ ብርሃን ሌላ አይችልም፤ ነጭ ካገኘው ይጠቁራል። ቀዩ አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ ደግሞ ሌላ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ገጥሞ፣ "ማንም ዝር እንዳይልብኝ" ብሏል። የሚጥለው ወረቀት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላሸት ነው።

"ወረቀቱ አርጅቶ ነው" ይላል።

የት አባቱ! የሴትዮዋን ፊት እያጠፋ እንጂ።

ዛሬ ፍሬም ሠሪዋን ከእነሱ ቤት ስትወጣ በር ላይ አገኘቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

"እትዬ፣ እሱ ራሱ ቢነግርዎት ይሻላል። እኔ እርስዎን ማየት አፈርኩ።"

"ማፈርሽስ ደግ ነው!" አለችና ገፍታት ገባች። የጨለማ ክፍሉን በር በረገደችው፤ መጋረጃውንም ገለጠችው።

ባሏ ብቻውን ነው። ወረቀቱን ፈሳሹ ውስጥ በጣቶቹ እየዳሰሰ ያገላብጣል። ፊቱን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

"ኧረ በሩን ዝጊው!" ብሎ ጮኸ። "ነጭ ብርሃን ታስገቢብኛለሽ!"

ከአናቱ በላይ ራሱ የገጠመው አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል፤ ነጭ ነው።