ጠንካራው ፍሪሲዮን

"ማን ነው የሚነዳው?" አላት የመኪና መለዋወጫ ሻጩ።

"የሚገጠመው መኪናው ላይ አይደል? ሰው ላይ ነው እንዴ?" አለችው እየሳቀች።

ሻጩ ግን አልሳቀም...

ሁለት ካርቶን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ሁለቱም የፍሪሲዮን ሙሉ ዕቃ ናቸው። ሸራው፣ ዲስኩ፣ ኩሽኔታው።

"ይሄኛው ለስላሳ ነው። ይሄኛው ደግሞ ጭነት ለሚያበዛ የተሠራ ነው። ቶሎ አያልቅም፣ ግን ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚረገጠው ፔዳል ጠንካራ ግራ እግር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ማን ይነዳዋል ያልኩሽ።"

"አባቴ ነው። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ለሱ ስለ ፔዳል አይወራለትም። ጠንካራውን ስጠኝ።"

ሥራ ከያዘች ወዲህ ለአባቷ የገዛችው የመጀመሪያው ትልቅ ነገር ነበር። ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው ቤት የገባችው...

አባትየው ግንባሯን ሳማት። "የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥሽ" አላት።

የአባቷ መኪና ጋራዥ ገብታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው።

አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩምባ ቤት ይሄድ ነበር። ጥሩምባ አብሮት አውቶቡስ የነዳ የድሮ ባልደረባው ነው። ስሙ የወጣለት ክላክስ ስለሚያበዛ ነው። አሁን ግን አልጋ ይዞ ቀርቷል፤ ድምፁም የሚሰማው ከከተማው ዳር በሚኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ጢሙን የሚላጨው፣ ጋዜጣ የሚያነብለት አባቷ ነበር።

"አባዬ፣ ዛሬ ጥሩምባ ጋ አትሄድም?"

"ዛሬ ደከመኝ።"

በሚቀጥለውም ቅዳሜ ደከመው...

አንድ ቀን ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። "አንቺ ያዢያት። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።"

አልተከራከረችም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ቅርቧ ነበር።

ለጎረቤት "ጡረታ አባቴን አሰነፈው" እያለች ትስቅ ነበር። አንዴ ግን ሳትስቅ ለራሱ ነገረችው።

"አባዬ፣ የታመመ ጓደኛ እንዲህ ይረሳል? ነውር አይደለም?"

አባትየው ግራ ጉልበቱን እያሸ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር...

አንድ ከሰዓት ልጇን ከኋላ አስቀምጣ ዳገት ላይ መንገድ ተዘጋጋባት። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ትለቃለች፣ ደግማ ትረግጣለች...

"እማዬ፣ እግርሽ ለምንድነው የሚጨፍረው?" አለቻት ትንሿ ልጅ።

ጎንበስ ብላ አየች። ግራ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው።

የሷ እግር። ገና ወጣት ናት።

ያኔ አባቷ ጉልበቱን ሲያሽ ታያት... ያ ጉልበት እሷን ለማሳደግ የአውቶቡስ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ያለቀ ጉልበት ነው። እንዴት እስከዛሬ አልመጣላትም?

ቤት አልሄደችም። መሪውን ወደ ጋራዡ አዞረች።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት። "ፔዳሉ ነው? ለአባባ ያኔውኑ ነግሬያቸው ነበር እኮ። ለሙከራ ነድተው ሲመለሱ በሩን ተደግፈው ነው የወረዱት። ዕቃው አዲስ ነው፣ ሻጩ በለስላሳው ይቀይርልናል ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?"

"ምን አሉህ?"

"ልጄ ናት የመረጠችው። ከሰማች ደስታዋ ይበላሻል። አፍህን ያዝ አሉኝ። ይኸው ስይዝ ከረምኩ።"

እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች...

ሳይመሽ ቤት ደረሰች። አባቷ መስኮቱ ጋ እንደተቀመጠ ነው።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን?"

"ፔዳሉን።"

"ያ መካኒክ... እኔ እኮ ወሬኛ አይመስለኝም ነበር።"

"ጓደኛህን ረሳህ ብዬህ ነበር። ነውር ነው ብዬህ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ ያኔስ ዝም ትላለህ?"

"ያን ካርቶን ታቅፈሽ ስትገቢ ፊትሽን አላየሽውም" አላት። "እኔ አይቼዋለሁ።"

ለስላሳው ተገጠመ። እሷው አባቷን ይዛ ሄዳ መሪው ጋ አስቀመጠችው። አባትየው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረገጠ... ፊቱ በራ።

"ቅቤ ነው" አለ።

ደግሞ ረገጠው። ከዚያ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ከመኪናው አወጣ።

"እግሬ ግን ረስቶታል የኔ ልጅ። አንቺ ንጂ። እኔ መንገዱን እመራሻለሁ።"

"ያኔ ለስላሳውን ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ" አላላትም። መንገዱን ሙሉ ለራሷ ያለችው እሷ ናት...

ጥሩምባ አልጋው ላይ ነበር። ጢሙ ደረቱ ጋ ደርሷል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል ብዬ ጨርሼ ነበር። የት ጠፋህ?"

እሷ አንገቷን ደፋች። አሁን አባቷ እውነቱን ይናገራል ብላ...

"መኪናዋ ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ ቆማብኝ" አለ አባቷ። "ይቺ ልጄ ባታሠራልኝ ዛሬም አልመጣም ነበር።"

"ተባረኪ የኔ ልጅ" አላት ጥሩምባ።

ለመላጫው ውሃ ላሙቅ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ውሃው ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ አልወጣችም...

ወዳጆቼ፣ ይቺ ልጅ ክፉ አይደለችም። ከልቧ ነው የገዛችው። ግን ማን ነው የሚነዳው ተብላ ነበር፤ በሳቅ አለፈችው።

ለምንወደው ሰው ስንገዛ ስለ ዕቃው ጥንካሬ እንጠይቃለን። ስለ ሰውየው ጉልበት ግን አንጠይቅም። ወላጅ ደግሞ የሰጠሽኝ ከበደኝ አይልም፤ ደከመኝ ነው የሚለው።

እስቲ እናንተ... አባታችሁ ወይ እናታችሁ "ተውኩት፣ ደከመኝ" ያሉት ነገር ምንድነው? ለምን እንደተዉትስ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።