ጳጉሜ ስድስት

ረቢያ ከሚዛን አጠገብ አማን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። ባሏ ጥሏት ጅማ ከተመለሰ ዓመት አልፏል። ሰዎች «አልተናደድሽም?» ሲሏት «አይ» ትላለች፤ እውነቷን ነው። አልተናደደችም፣ አላዘነችም። ጠዋት ትገባለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ ማታ ቤቷ ትሄዳለች።

በ2007 ግንቦት ላይ አንዲት እናት ከሸዋ ቤንች ወረዳ ሕፃን አዝላ መጣች። ረቢያ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ልትሰጣት የሕፃኑን የልደት ቀን ኮምፒውተር ላይ አስገባች። ኮምፒውተሩ መስከረም 21 አለ። ረቢያ በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ ነው። ክትባት የሚሰጠው ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩም እስከዛሬ ሐሙስን ስቶ አያውቅም።

«የቀጠሮ ፕሮግራሙ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥረው» አለችው ለአልአዛር። «ዘንድሮ ስድስት ናት።»

አልአዛር ክትባት የሚሰጠው ነርስ ነው። ፕሮግራሙን ከስልጠና በፍላሽ ይዞ የመጣውም እሱ ነበር።

«ምን ችግር አለው፣ በእጅሽ አርሚው» አላት።

«ሌላ ቦታስ?»

የአልአዛር እህት ሜሪ፣ ጌጫ የሚባል ሩቅ ቦታ ነርስ ናት፤ እነሱም በዚሁ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። «ደውዬ ብነግራትም በቀን ለስልሳ ሕፃን በጣቷ አትቆጥርም» አለ። እዚያ እናቶች ግማሽ ቀን በእግራቸው ይመጣሉ። አንዴ ያለ ክትባት የተመለሰች እናት ብዙ ጊዜ ደግማ አትመጣም።

ፕሮግራሙ ነፃ ነበር። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ያየዋል፣ ማስተካከያ ያለው ይልካል። ባለቤቱ ሲቀበለው አዲሱ ቅጂ ለሁሉም ይደርሳል፤ ካልተቀበለው ግን እዚያው ይቀራል። የባለቤቱ ስም «ባየ» ይላል። ከስሙ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ጥቅምት 2006 ነው።

ረቢያ ኮሌጅ ሳለች ትንሽ ፕሮግራሚንግ ተምራ ረስታዋለች። ሚዛን እየሄደች ኢንተርኔት ቤት ሦስት ቅዳሜ ተቀምጣ አራት መስመር ጻፈችና ላከች።

መልሱ እሁድ ከሰዓት መጣ። «እናመሰግናለን። ሁለተኛው መስመር ለምን አስፈለገ? እባክዎ ያስረዱ።»

አስረዳች። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ዓመቱን ለአራት አካፍለው ቀሪው ሦስት ከሆነ ጳጉሜ ስድስት ናት ብለዋል። ለምን ሦስት?»

ረቢያ ይህን አልጠበቀችም። ስሌቱን ከሌላ ቦታ ነበር የገለበጠችው፤ ለምን ሦስት እንደሆነ ራሷም አታውቅም። አልአዛርን ጠየቀችው፤ አያውቅም። የጥበቃ ሠራተኛውን ጋሽ ወርቅአፈራሁን ጠየቀቻቸው።

«ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነዋ» አሉ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማቸው። «በየአራት ዓመቱ።»

ረቢያ ቤቷ ገብታ ያለፉትን የሉቃስ ዓመታት ወረቀት ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አካፈለቻቸው። ሁሉም ሦስት ቀራቸው። ጻፈችለት። በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ጥያቄ መጣ። ከዚያ ሌላ።

«እያሾፈብሽ ነው» አላት አልአዛር በሐምሌ። «አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ የክፍለ ሀገር ካርድ ክፍል ምን ታውቃለች ብሎ ነው። ይሄ ‹እባክዎ› ራሱ ሹፈት ነው።»

«ይሁን» አለች ረቢያ።

«አይከፋሽም?»

«አይ።»

መልስ መስጠቷን ግን አላቆመችም። አንዱን ጥያቄ ለመመለስ አሥር ገጽ ታነባለች። መጀመሪያ እንደ ጫካ የሚታያት ኮድ አሁን ከላይ እስከ ታች ይነበብላታል። እግረ መንገዷን ሌሎች ሁለት ስህተቶች አግኝታ አርማለች።

ጊዜው ግን እያለቀ ነበር። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የሚከተቡ ሕፃናት ቀጣይ ቀጠሮ ሁሉ ከጳጉሜ ወዲያ ነው። ነሐሴ ሦስት ቀን፣ እሁድ፣ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉልኝ።»

አልአዛር አንብቦ ሳቀ። «አላልኩሽም? ፈተና ላይ አስቀምጦሻል። ይሄ ሰው የሚቀበልሽ አይደለም።»

ረቢያ ሁለት ገጽ ጻፈች። «ዓመቱ ሲያልቅ ሩብ ቀን ይተርፋል» አለች። «ሩቧን የትም አናገባትም፤ እናቆያታለን። በአራተኛው ዓመት አራት ሩብ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ቀን። ጳጉሜ ስድስት ያቺ ናት። ፕሮግራሙ ያቺን ቀን ስለማያውቃት ከእሷ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ተንሸራቷል። የእኔ አራት መስመር የሚያደርገው ያቺን ቀን መልሶ ማስገባት ብቻ ነው።»

ነሐሴ አሥር መልስ መጣ። «ገባኝ። ተቀብያለሁ።»

በማግስቱ አልአዛር አዲሱን ቅጂ በፍላሽ አድርጎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ኢንተርኔት ለሌላት እህቱ ላከ።

መስከረም ስድስት፣ ሐሙስ፣ ሜሪ ደወለች። ከጀርባዋ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል። «ሁሉም መጥተዋል!» አለች። «ወረፋው መንገድ ድረስ ነው። ባየ የሚባለውን ሰውዬ አመስግኚልን።»

ረቢያ ስልኩን ዘጋች። ምን እንደሆነች ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ተናዳለች። ከዓመት በላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ሥራዋን እንኳ ሳትጨርስ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ጻፈች።

«አቶ ባየ፣ ሜሪ አመስግኚልን ብላለች፤ እኔ ግን አላመሰግንዎትም። መልሱን እያወቁ፣ ሕፃናቱ እየጠበቁ፣ ወራት ሙሉ ለምን ፈተኑኝ?»

መልሱ እሁድ ከሰዓት መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ሚስቱ ማናልሞሽ ነኝ፤ ባየ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ስለቀረ በስሙ የመለስኩልዎት እኔ ነኝ፤ ቴፒ ልብስ እሰፋለሁ፣ የጠየቅኩዎትም ሁሉ ስለማላውቀው ነበር።»