የተሰረዘው መስመር

የቀድሞው አሥር አለቃ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞቱ። ቀብራቸው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

በልብስ ስፌት የምትተዳደረው አንድ ልጃቸው በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፈች። "በውጊያ ላይ ግራ እግራቸው ቆሰለ" የሚል መስመር አለበት። ይህን ከአባቷ አልሰማችም፤ ገምታ ነው። እሳቸው ስለ እግራቸው የሚሉት ቢኖር አንድ ቀልድ ነበር፦ "ይቺ ከኔ ቀድማ ጡረታ ወጣች።"

ረቡዕ ጠዋት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጸሐፊ ፋይል ይዞ መጣ። የሬሳ ሳጥኑ የሚለብሰውን ባንዲራ ግን አልያዘም።

"እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። አንቺ ሳትወለጂ፣ ከግንባር ለመውጣት ብለው በገዛ ጠመንጃቸው ነው እግራቸውን የመቱት። በጦር ፍርድ ቤት አምነው ስምንት ወር ታስረዋል። እንዲህ ላለው ባንዲራ አንሰጥም።"

"አባባ? በረሮ እንኳ አይገድልም ነበር እኮ!"

"ፊርማቸው ይኸው።"

የጻፈችውን ገጽ ይዛ ሳጥኑን ወደሚሠሩት አናጢ ሄደች። አናጢው የአባቷ የጦር ሜዳ ባልንጀራ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ እየመጡ የቤቱን በር፣ ወንበርና መደርደሪያ ይጠግናሉ፤ አባቷ "ሰውዬ፣ መጀመሪያ ይሰበር እንጂ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አሁን የሳጥኑን ክዳን እየላጉ ነው።

"ጋሼ፣ አብራችሁ ነበራችሁ። እግሩን ራሱ መታ የሚሉት እውነት ነው?"

አናጢው መላጊያውን አላቆሙም። ሳንቃው ከለሰለሰ ቆይቷል።

"አዝዬ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። አራት ሰዓት ሙሉ በእግሬ።"

"እሱን አልጠየቅኩዎትም።"

"ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ።"

"አልወቅስም። ግን ሰው ፊት ቆሜ አልዋሽም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መስመሩን ላንብበው ወይስ ልሰርዘው?"

መላጊያውን አስቀመጡ። አነሱት። እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ።

"ሰርዢው" አሉ።

ሰረዘችው።

ሳጥኑ ባንዲራ ሳይለብስ ወረደ። ልጅቷ ገጹን ድምጿ ሳይሰበር አነበበች። ከኋላ አንዱ "ለካ ፈሪ ኖሯል" ሲል ሰማች፤ ዞራ አላየችም። አናጢው አፈር የማልበስ ተራቸው ሲደርስ አካፋውን ለሌላ ሰው ሰጡ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጸሐፊው ተመልሶ መጣ። ከጦር ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት የተገኘ፣ ለፍርድ ቤቱ ሳይቀርብ የቀረ አንድ ገጽ ሰጣት። ሐኪሙ ጥይቱ ከኋላ፣ ከሩቅ የገባ የወገን ጥይት መሆኑን ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ቁስለኛው አዝሎት ለመጣው ወታደር የተናገረውን እንደሰማው አስፍሯል፦

"አንተ ሚስትና ልጆች አሉህ፤ እኔ ማንም የለኝም። ዝም በል።"